ለመግባት የተፈቀደ ዕቃ እስከ መቼ የተፈቀደ ነው?

ከውጭ ስለሚገቡ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎች የካናዳ ገበያ፤ ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች የቀረበ ጥናት

አንድ አስመጪ «ይህ ዕቃ ወደ ሀገር ሊገባ ይችላል» የሚል የመንግሥት ወረቀት በእጁ በገባ ጊዜ የዕቃው ጉዳይ ያለቀለት ይመስለዋል። ከዚያ ወዲያ የሚያሳስበው የመርከቡ ጊዜ፣ የቀረጡ ልክና የገዢው ብዛት ብቻ ይሆናል። ይሁን እንጂ የመንግሥት ፈቃድ የሚናገረው ዕቃው ስለ ቀረበበት ቀን ነው፤ ዕቃው ግን በመጋዘንና በመደርደሪያ ላይ ወራትን፣ አንዳንድ ጊዜም ዓመታትን ይቈያል። በፈቃዱ ቀንና በሽያጩ ቀን መካከል ሕግ ቢለወጥ ጉዳቱ በማን ላይ ይወድቃል? ይህን ጥያቄ አጥርቶ የሚያሳይ ምሳሌ ቢፈለግ በካናዳ ገበያ አዲስ እየተፈቀዱ ከገቡት ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎች የተሻለ አይገኝም። ከዚህ በታች ስለ ውጭ ሀገሮች የሚነገረው ቀን ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ይህን ዕቃ ለጥናት መምረጣችን ማንንም ወደዚህ ንግድ ለመጋበዝ አለመሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን። በሀገራችን የጦር መሣሪያ ነገር በአዋጅ ቍጥር 1177/2012 የሚተዳደር ሲሆን፣ እንደ ጨርቅና እንደ ስኳር ማንም ባለሱቅ የሚነግደው ዕቃ አይደለም። ስለ ምንሽርና ስለ ወጨፎ ከአያቶቹ የሰማ አንባቢ ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ጠመንጃ የራሱ ስም፣ የራሱ ዋጋና የራሱ ገዢ እንዳለው ሳይነገረው ያውቃል።

ከፊል አውቶማቲክ የሚባለው ጠመንጃ ምላጩ አንድ ጊዜ በተሳበ ቍጥር አንድ ጥይት ብቻ የሚተኵስ፣ ቀጣዩን ጥይት ግን ተኳሹ እጁን ሳያነሣ በተኰሰው ጥይት ኃይል ራሱ የሚያጐርስ ነው። ምላጩ ተስቦ እስካለ ድረስ ያለማቋረጥ ከሚተኵሰው ከሙሉ አውቶማቲኩ የሚለየው በዚህ ነው። አዳኝ ይገዛዋል፤ ዒላማ ተኳሽ ይገዛዋል፤ የወታደር ጠመንጃ መልክ ያለውን ወድዶ የሚሰበስብም ይገዛዋል። የክርክሩም ሥር እዚህ ላይ ነው፤ ከእነዚህ ጠመንጃዎች ብዙዎቹ ለጦር ሠራዊት ከተሠሩ ሙሉ አውቶማቲኮች የተወለዱ ናቸውና።

በካናዳ ሕግ ጠመንጃ ሁሉ ከሦስት ክፍሎች በአንደኛው ይመደባል፤ ያልተገደበ፣ የተገደበና የተከለከለ ይባላል። ያልተገደበውን ትምህርቱን ተምሮ ፈቃድ ያወጣ ሰው ገዝቶ ለአደን ሊይዘው ይችላል። የተገደበው ተጨማሪ ፈቃድና ምዝገባ ያስፈልገዋል፤ የሚተኰሰውም በተፈቀደለት የተኵስ ሜዳ ነው። የተከለከለውን ግን ሱቅ ለተራ ገዢ ሊሸጠው አይችልም። ለነጋዴው በእነዚህ ክፍሎች መካከል ያለው ልዩነት በሚሸጥና በማይሸጥ ዕቃ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ልዩነቱም አንዳንድ ጊዜ በሚሊ ሜትር ይለካል፤ ከፊል አውቶማቲክ ሆኖ በማዕከሉ በሚመታ ጥይት የሚሠራ ጠመንጃ አፈሙዙ ከ470 ሚሊ ሜትር ካነሰ የተገደበ ይሆናል። ሰደፉ ታጥፎ ቁመቱ ከ660 ሚሊ ሜትር ሲያንስ መተኰስ የሚችልም ቢሆን እንዲሁ ነው። ቀድሞ ሙሉ አውቶማቲክ ሆኖ ተሠርቶ በኋላ ወደ ከፊል አውቶማቲክ የተለወጠ ከሆነ ደግሞ የአፈሙዙ ርዝመት አይጠየቅም፤ የተከለከለ ነው።

የውጭ ፋብሪካዎች ይህን ሕግ አጥንተው ለካናዳ ብቻ የሚሆን ዕቃ መሥራት ጀመሩ። አፈሙዙን ከ470 ሚሊ ሜትር እንዲያልፍ ያስረዝሙታል፤ የጥይት ካዝናውንም ከ5 ጥይት በላይ እንዳይጐርስ ይቸነክሩታል፤ ሕጉ ለዚህ ዓይነቱ ጠመንጃ የሚፈቅደው 5 ጥይት ብቻ ነውና። ለአንድ ገበያ ብቻ ተለክቶ የተሠራ ዕቃ ግን ያ ገበያ በተዘጋ ቀን ሌላ በር የለውም። ረዥም አፈሙዝና የተቸነከረ ካዝና ያለውን ጠመንጃ የሌላ ሀገር ገዢ በሙሉ ዋጋው አይፈልገውም። አስመጪው ዋጋ ሲደራደር ይህን ጉዳይ አብሮ ማስላት ይገባው ነበር፤ በደጉ ጊዜ ግን ይህን የሚያሰላ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። አንድ አዲስ ጠመንጃ በየትኛው ክፍል እንደሚመደብ መርምሮ አስተያየት የሚሰጠው የካናዳ ንጉሣዊ ፈረሰኛ ፖሊስ ነው። አስመጪው የዕቃውን ናሙናና ጽሑፎቹን ያቀርባል፤ የፖሊስ ባለሙያዎች ፈትተው ይመረምሩታል፤ ውጤቱም የጦር መሣሪያ መለያ ሠንጠረዥ በሚባለው ትልቅ መዝገብ ውስጥ ይገባል። ጉምሩክም፣ ባለሱቁም፣ ገዢውም ይህን ሠንጠረዥ ተመልክተው ይሠራሉ። እንግዲህ በገበያው ቋንቋ «ተፈቀደ» ሲባል ጠመንጃው በሠንጠረዡ ውስጥ ያልተገደበ ወይም የተገደበ ተብሎ ገባ ማለት ነው።

ሠንጠረዡ ራሱ ግን ሕግ አይደለም። ሕጉ በወንጀለኛ መቅጫው ሕግና በደንቦቹ ላይ ያለው ነው፤ ሠንጠረዡ የባለሙያ አስተያየት ነው። የባለሙያ አስተያየት ደግሞ አዲስ ማስረጃ በመጣ ጊዜ ሊታረም ይችላል፤ ምክር ቤት ሳይሰበሰብ፣ አዋጅም ሳይወጣ ማለት ነው። ብዙ አስመጪዎች ይህን ልዩነት የተረዱት እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. ነው።

የዚያ ዓመት ታሪክ በዝርዝር ሊነገር ይገባዋል። ከስዊትዘርላንድ የሚመጣው «ስዊስ አርምስ» የተባለው ጠመንጃ ከአሥር ዓመት በላይ በካናዳ ሱቆች በግልጽ ሲሸጥ ኖሮአል። ከቼክ ሀገር የሚመጣው «ሲ ዜድ 858» እንዲሁ በሺህ በሚቈጠሩ ገዢዎች እጅ ገብቶ ነበር። በፌብሩዋሪ 2014 ፖሊስ ምደባውን ለውጦ ሁለቱንም የተከለከሉ አደረጋቸው። ለስዊሱ የተሰጠው ምክንያት፣ መጀመሪያ ካልተከለከለ ዘር እንደ ተወለደ ተቈጥሮ የነበረው ጠመንጃ ሲመረመር በስሙ ከተከለከለው «ኤስ ጂ 550» የተወለደ ሆኖ መገኘቱ ነው። ስለ ቼኩም፣ በኋላ ከገቡት ውስጥ ቀድሞ ሙሉ አውቶማቲክ ሆነው ከተሠሩ አካሎች የተሠሩ ተገኙ ተባለ። በአስመጪው ወረቀት ላይ አንድ ፊደል አልተለወጠም፤ በባለሱቁ መደርደሪያ ላይ ያለውም ዕቃ ያው ነው። የተለወጠው ስለ ዕቃው የተሰጠው አስተያየት ብቻ ነው፤ በዚህም ምክንያት ትናንት በሕግ የተገዛው ዛሬ ሊሸጥ የማይቻል ሆነ።

መንግሥቱ በሚቀጥለው ወር የምሕረት ትእዛዝ አወጣ፤ ባለቤቶቹ ጠመንጃውን በቤታቸው ቢይዙ እንዳይከሰሱ ነው። መሸጥ ግን አልተቻለም። በጁን 2015 ምክር ቤቱ የፖሊስን ምደባ የሚኒስትሮች ጉባኤ በደንብ እንዲሽር የሚያስችል ሕግ አወጣ፤ በጁላይ 31 ቀን 2015ም ጠመንጃዎቹ በደንብ ወደ ቀድሞ ክፍላቸው ተመለሱ። ከእገዳው እስከ መመለሱ 17 ወር ያህል አለፈ። በብድር ገንዘብ ዕቃ ያስመጣ ነጋዴ የ17 ወር ወለድ ምን እንደሚያደርግ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

ብዙዎች ይህን መመለስ እንደ ድል ቈጠሩት። የእኛ አስተያየት ግን ሌላ ነው። በደንብ የተመለሰ ዕቃ በደንብ ሊወሰድ እንደሚችል ያን ጊዜ ግልጽ ሆኖአል፤ የሚኒስትሮች ጉባኤ ለመፍቀድ ያገኘው ጉልበት ለመከልከል ካለው ጉልበት አይበልጥም። አምስት ዓመት ሳይሞላ የሆነውም ይኸው ነው።

በኤፕሪል 18 እና 19 ቀን 2020 በኖቫ ስኮሺያ ክፍለ ሀገር አንድ ሰው 22 ሰዎችን ገደለ። በሜይ 1 ቀን 2020 መንግሥት በደንብ ከ1,500 የሚበልጡ የጠመንጃ ሞዴሎችንና ዝርያዎቻቸውን ከለከለ። ከዘጠኙ ዋና ዋና ቤተሰቦች መካከል ስዊስ አርምስና ሲ ዜድ 858 በስማቸው ተጠርተው ይገኛሉ። ለብዙ አሠርት ዓመታት እንደ ገበሬ ጠመንጃ ይሸጥ የነበረው የአሜሪካው «ሩገር ሚኒ 14» በዝርዝሩ ገባ፤ በዲሴምበር 6 ቀን 1989 በሞንትሪያል የምሕንድስና ትምህርት ቤት 14 ሴቶች የተገደሉት በዚህ ዓይነት ጠመንጃ እንደ ነበረ መጥቀስ ይገባል። የሟቾቹ ቤተሰቦችና ከሞት የተረፉት ለ30 ዓመታት እንዲህ ያለውን ደንብ ሲለምኑ ኖረዋል። የአዳኞችና የተኳሾች ማኅበሮች ደግሞ ወንጀለኛው ጠመንጃውን ከሱቅ በሕግ አልገዛም ብለው ተቃወሙ። ነጋዴው በዚህ ክርክር ውስጥ የትኛውንም ወገን ቢደግፍ፣ የሚነግደው ዕቃ የሰው ሕይወት ያለበት መሆኑንና እንዲህ ያለ ዕቃ ከአንድ ሌሊት ሐዘን በኋላ በዋለበት ሕግ ላያድር እንደሚችል መርሳት አይገባውም። ደንቡን በመቃወም የቀረበውን ክስ የፌዴራሉ ፍርድ ቤት በ2023 አልተቀበለውም፤ የይግባኙም ፍርድ ቤት በ2025 ያንኑ አጸና።

በመጋዘን ስላለው ዕቃ የሆነው ለጥናታችን ይልቁን ይጠቅማል። ደንቡ በወጣበት ቀን ባለሱቁ መሸጥ አቆመ። በምሕረቱ ትእዛዝ መሠረት ዕቃውን ቈልፎ ሊያስቀምጥ፣ ለፋብሪካው ሊመልስ፣ ፈቃድ ካገኘም ወደ ውጭ ሊልክ ይችል ነበር። መንግሥት ካሣ እንደሚከፍል ቢናገርም ለንግድ ቤቶች የካሣው በር የተከፈተው በ2024 መጨረሻ ነው፤ ይህም ከአራት ዓመት በኋላ ማለት ነው። በኤፕሪል 2025 ሲዘጋ ከንግድ ቤቶች ከ12,000 በላይ ጠመንጃዎች ተሰብስበው ነበር። በሁለት ዓመት ያልቃል የተባለው የምሕረት ጊዜም ደጋግሞ ተራዝሞ በመጨረሻ እስከ ኦክቶበር 30 ቀን 2026 እንዲደርስ ተወሰነ። ካሣ የዕቃውን ዋጋ ይመልስ ይሆናል፤ የአራት ዓመት የመጋዘን ኪራይ፣ የጥበቃና የወለድ ወጪ ግን በሌላ ዓምድ የተጻፈ ዕዳ ነው።

ከ2020 በኋላ አስመጪዎች በዝርዝሩ ላይ ስማቸው ያልተጠራ አዳዲስ ጠመንጃዎችን ፈልገው ማምጣታቸውን አላቆሙም። በዲሴምበር 2024 ሌሎች 324 ሞዴሎች፣ በማርች 2025 ደግሞ 179 ተጨማሪዎች ተከለከሉ። በዲሴምበር 2023 የጸናው ሕግ በበኩሉ ነገሩን ከስም ዝርዝር ወደ ጠባይ አዞረው፤ ሕጉ በሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ታቅዶ የሚሠራ፣ በማዕከሉ በሚመታ ጥይት የሚሠራና መጀመሪያውኑ 6 ወይም ከዚያ በላይ ጥይት ለሚጐርስ ተነቃይ ካዝና የታሰበ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ የተከለከለ ነው። ስም በመለወጥ የሚታለፈው በር በዚህ ጠበበ።

ይህ ነገር የካናዳ ብቻ እንዳይመስል ሁለት ሌሎች ሀገሮችን እንጥቀስ። ኒው ዚላንድ በማርች 15 ቀን 2019 በክራይስትቸርች መስጊዶች 51 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ ከፊል አውቶማቲኮችን በተራ ፈቃድ መሸጥ ለማቆም የፈጀባት ስድስት ቀን ነው፤ በመርከብ ላይ ያለ ዕቃ በስድስት ቀን ወደብ አይደርስም።

የአሜሪካው ግን ለአስመጪ የበለጠ ትምህርት አለው። በ1968 በወጣው ሕግ መሠረት ከውጭ የሚገባ ጠመንጃ ለስፖርት የሚውል መሆን አለበት። በጃንዋሪ 1989 በካሊፎርኒያ በስቶክተን ከተማ ትምህርት ቤት አምስት ሕፃናት በተገደሉ ጊዜ መንግሥት በማርች ወር የአንዳንድ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎችን ማስገባት አገደ፤ በጁላይም 43 ሞዴሎችን ጨርሶ ከለከለ። «ጋን ሳውዝ» የተባለው አስመጪ ኩባንያ ከኦስትሪያው ከስታየር ፋብሪካ ያዘዘው ጠመንጃ አስቀድሞ የተሰጠ የማስገቢያ ፈቃድ ነበረው፤ እገዳው ግን ፈቃድ ያገኘውንም ጨምሮ ያዘው። ኩባንያው ከስሶ በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ረታ፤ የይግባኙ ፍርድ ቤት ግን በዚያው በ1989 ፍርዱን ገልብጦ፣ መንግሥት ምርመራ እስኪያደርግ የሰጠውን ፈቃድ ለጊዜው ማገድ ይችላል ሲል ወሰነ። ፈቃድ በእጅ ይዞ በወደብ መቆም እንደሚደርስ በፍርድ ቤት መዝገብ የተጻፈ ምስክር ይህ ነው። ነገሩም አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ አይደለም፤ በኖቬምበር 1997 እንደገና ታግዶ በኤፕሪል 1998 በተሰጠው ውሳኔ፣ ከ1989 በኋላ ተሻሽለው ይገቡ የነበሩ 58 ዓይነት ጠመንጃዎች ለስፖርት የሚውሉ አይደሉም ተብለው ተመለሱ። ማሻሻያውን አጸድቆ ያስገባቸው ያው መሥሪያ ቤት ነበር።

ታዲያ ጉዳቱ በማን ላይ ይወድቃል? ሰነዶቹን አንድ በአንድ ስንመለከት መልሱ አስመጪውን አያስደስተውም። በባንክ የተከፈተው መተማመኛ ሰነድ፣ ነጋዴው ኤል ሲ የሚለው፣ በዓለም አቀፉ የባንኮች ደንብ መሠረት የሚመለከተው ወረቀትን እንጂ ዕቃን አይደለም፤ የመርከቡ ወረቀት በትክክል ከቀረበ ዕቃው ከወደብ ባይወጣም ባንኩ ለሻጩ ይከፍላል። በኢንኮተርምስ ውሎችም፣ ሻጩ ቀረጥ ከፍሎ እስከ መድረሻው ካላስረከበ በቀር፣ የማስገባቱ ሥርዓትና አደጋው የገዢው ነው። የባሕር ኢንሹራንስ ለማዕበልና ለእሳት የተገባ ነው፤ በመንግሥት ትእዛዝ የታገደ ዕቃ በተለመደው ውል ውስጥ አይገባም። ስለዚህ በልዩ ቃል ካልተጻፈ በስተቀር የሕግ መለወጥ አደጋ ሙሉ በሙሉ በአስመጪው ራስ ላይ ያርፋል። ከእርሱ በጅምላ ገዝቶ በመደርደሪያው ያስቀመጠው ባለሱቅም ለድርሻው ያንኑ ይሸከማል።

የሀገራችን ነጋዴ ይህን ትምህርት ከባሕር ማዶ ብቻ አልተማረውም። በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. የግል አውቶሞቢልን ጨምሮ 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪና መተማመኛ ሰነድ እንዳይፈቀድላቸው ሲወሰን፣ እስከዚያች ቀን በሕጋዊ ንግድ ላይ የነበሩ ዕቃዎች ነበሩ፤ እገዳው የተነሣው በ2016 ዓ.ም. በሐምሌ ወር በምንዛሪው ማሻሻያ ጊዜ ነው። በመካከሉ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ አውቶሞቢል እንዳይገባ በሌላ ውሳኔ ተከለከለ። ጠመንጃና መኪና የተለያዩ ናቸው፤ በአስመጪው የሒሳብ መዝገብ ላይ ግን የሚጻፉት በአንድ ዓምድ ነው።

በፈቃድ የሚኖር ዕቃ የሚያስመጣ ሰው ሊያደርገው የሚችለው ብዙ አይደለም፤ ያለው ግን ችላ ሊባል አይገባም። አንደኛው ፈቃዱ በምን ላይ እንደ ቆመ ጠይቆ ማወቅ ነው፤ በአዋጅ ነው? በደንብ ነው? ወይስ በአንድ ክፍል ኃላፊ ወይም ባለሙያ አስተያየት? በካናዳ የስዊሱን ጠመንጃ ያመጡ ሰዎች ዕቃቸው በሦስተኛው ላይ እንደ ቆመ ቢያስተውሉት ኖሮ አንድ ጊዜ ብዙ ከማምጣት ጥቂት በጥቂት ማምጣትን ይመርጡ ነበር እንላለን። አነስተኛ ጭነት የማጓጓዣ ወጪው በአንድ ዕቃ ላይ ከፍ ይላል፤ ያ ትርፍ ወጪ ግን እንደ ኢንሹራንስ ሊቈጠር ይገባል።

ከፋብሪካው ጋር በሚደረገው ውል ላይ ደግሞ ዕቃው ከመርከብ ከመጫኑ በፊት የአስመጪው ሀገር ክልከላ ቢያወጣ ትእዛዙ እንዲሰረዝ፣ ከተጫነ በኋላ ቢሆን ፋብሪካው በተወሰነ ቅናሽ መልሶ እንዲረከብ የሚል አንቀጽ ማስገባት ይቻላል። ፋብሪካው ይህን በነጻ አይቀበልም፤ ዋጋ ይጨምራል። የተጨመረውን ዋጋ ያየ አስመጪ የሥጋቱን ልክ በሌላ ሰው ዓይን ያየዋል፤ ሻጩ ከመቶ አሥር ጨምሩ ቢል፣ ዕቃውን የሚያውቀው ራሱ ሻጩ ሥጋቱን በዚያ ገምቶታል ማለት ነው።

ስለ ቀብድ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በእንዲህ ያለው ገበያ አዲስ ሞዴል ሊፈቀድ ነው የሚል ወሬ በተሰማ ጊዜ ከገዢዎች ቀብድ ተቀብሎ በዚያው ገንዘብ ዕቃውን ማዘዝ የተለመደ ነው። ምደባው ሳይታወቅ የተቀበሉት ቀብድ ግን የአስመጪው ገንዘብ አይደለም፤ የገዢው አደራ ነው። በደረሰኙ ላይ «ዕቃው ሳይፈቀድ ቢቀር ወይም ከመረከቡ በፊት ቢከለከል ቀብዱ ሙሉ በሙሉ በዚህን ያህል ቀን ውስጥ ይመለሳል» ተብሎ ቀኑ በቍጥር ይጻፍ፤ ገንዘቡም ምደባው በጽሑፍ እስኪደርስ ድረስ በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ እንጂ ለፋብሪካው አይላክ።